ለሆቴል ማዕድ ቤትና ለድርጅት ስጦታ የሚሆን መክተፊያ፦ ናሙናዬ ለምን ተሰነጠቀ?

ጣውላ ሠሪው፦

ሰላም ለሁላችሁም። እንጨት ሥራ ውስጥ ዓመታት አሳልፌያለሁ። በር፣ ጠረጴዛ፣ መደርደሪያ ነው የምሠራው። መክተፊያ ለቤተሰብ ሠርቼ አውቃለሁ፣ ለንግድ ግን የመጀመሪያዬ ነው። አሁን ሁለት ሥራ በአንዴ መጣልኝ። አንድ ሆቴል ለማዕድ ቤቱ 24 መክተፊያ ይፈልጋል፣ እያንዳንዱ 45 በ30 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 4። አንድ ድርጅት ደግሞ ለደንበኞቹ በስጦታ የሚሰጠው 150 ትንንሽ ጣውላ አዞኛል፣ 30 በ20፣ ውፍረቱ 2፣ ሎጎው በሌዘር የተጻፈበት።

ለሆቴሉ ሁለት ናሙና ሰጠሁ። እንጨቱ ሜፕል ነው፣ ጥሩ ደረቅ። ጣውላዎቹን ጎን ለጎን በኮላ አጣበቅኩ፣ እንዳይጣመም ብዬ ደግሞ በሁለቱም ጫፍ አግድም ማሰሪያ ጣውላ ለጠፍኩበት። በደንብ አለሰለስኩት፣ የምግብ ዘይት ቀባሁት፣ ሲያዩት ያምር ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ተመለሱልኝ። አንዱ ከማሰሪያው ጀምሮ እስከ መሃል ድረስ ተሰንጥቋል፣ ስንጥቁ ውስጥ ሳንቲም ይገባል። ሁለተኛው ጎብጧል፣ ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጠው ይወዛወዛል። ፊታቸው ገርጥቶ ጸጉር አውጥቷል። ሳሸታቸው ደግሞ የሻገተ ዘይት ይሸታሉ። ሼፉ ጥሩ ሰው ነው፣ "አስተካክለህ አምጣ" አለኝ እንጂ ትዕዛዙን አልሰረዘም።

ጥፋቱ የኔ ነው ወይስ የአያያዝ? ለስጦታውስ በዚሁ አሠራር ልቀጥል? እባካችሁ የሠራችሁት ሰዎች ንገሩኝ።

መላጊያ፦

ወንድሜ፣ የተሰነጠቀውን የሰነጠቀው ያንተው ማሰሪያ ነው። በቀጥታ ስለነገርኩህ ቅር አይበልህ፣ እኔም ይችኑ ስህተት ሠርቼ 6 መክተፊያ መልሼ ተቀብያለሁ።

እንጨት እርጥበት ሲጠጣ በስፋቱ ይነፋል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል። በርዝመቱ ግን ንቅንቅ አይልም ማለት ይቻላል። 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ሜፕል እርጥበቱ በ4 ከመቶ ሲለወጥ፣ እንደ አቆራረጡ፣ ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ይሰፋል ወይም ይጠባል። ማሰሪያህ ግን ቃጫው አግድም ስለሚሄድ በዚያ አቅጣጫ አይንቀሳቀስም። አንተ የሚንቀሳቀሰውን ከማይንቀሳቀሰው ጋር በኮላ አሰርከው። መክተፊያው ሲደርቅ ልሰብሰብ አለ፣ ማሰሪያው አላስኬድ አለው፣ ደካማው ቦታ ተቀደደ። በር ትሠራለህ አይደል? የበሩን የመሃል ፓነል ኮላ ትቀባዋለህ? አትቀባውም። ጎድጎዱ ውስጥ ነጻ ሆኖ ነው የሚቀመጠው። ነገሩ ያው ነው።

ስለዚህ ማሰሪያውን እርሳው። ጣውላዎቹን በጠባቡ ከ4 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ሰንጥቀህ፣ ገልብጠህ በጎናቸው አቁመህ አጣብቃቸው። ያኔ አንዱ ወደዚህ ልጎብጥ ሲል ሌላው ይይዘዋል። ደጋግሞ ለሚመታ ከባድ ሥራ ከፈለጉ ቃጫው ወደ ላይ የቆመውን ሥራላቸው። ቢላው በቃጫዎቹ መሃል ይገባል፣ ሲወጣ ቃጫው ይመለሳል፣ ስለዚህ ጭረቱ ቶሎ አይታይም፣ ቢላውም ቶሎ አይደነዝዝም። ግን ልንገርህ፣ ድካሙ እጥፍ ነው። ሁለት ጊዜ ማጣበቅ፣ ሁለት ጊዜ ማስተካከል፣ ማለስለሱ ደግሞ ክንድ ይጨርሳል። ውኃም ከተኛው ይልቅ ቶሎ ይጠጣል። ለዚያ የሚሆን ዋጋ ካልከፈሉህ የተኛውን አጥብቀህ ሥራ።

ሌላው ኮላ ነው። የትኛውን ተጠቀምክ? ለቤት ዕቃ የሚሆነው ተራው ነጭ ኮላ ውኃ ሲደጋገምበት ይለቃል። ውኃ የሚችለውን፣ ሲደርቅ ምግብ ቢነካው ችግር የሌለውን ፈልግ፣ ታይትቦንድ 3 የሚባለው ለዚህ ይሆናል። ሳታጣብቅ በፊት ደግሞ እርጥበቱን በመለኪያ እይ። እንጨቱ ከ6 እስከ 8 ከመቶ ቢሆን ጥሩ ነው። "ደረቅ" ያልከው በእጅ ዳብሰህ ከሆነ አትመነው።

የጎበጠውን ግን ልጠይቅህ። ዘይቱን ሁለቱንም ፊት ቀብተህ ነበር?

ጣውላ ሠሪው፦

የላይኛውን ብቻ ነው የቀባሁት። ከታች የጎማ እግር ስለገጠምኩበት ማን ያየዋል ብዬ ነበር። ኮላውም ተራው ነው። እርጥበት መለኪያ የለኝም፣ ዛሬውኑ እገዛለሁ።

መላጊያ፦

በቃ ተገኘ። አንዱ ፊት ውኃ ይጠጣል፣ ሌላው አይጠጣም፣ ታዲያ ካልጎበጠ ምን ይሁን። ስድስቱንም ገጽ ቅባ፣ ጫፎቹን ደግሞ ደጋግመህ፣ ውኃ በብዛት የሚገባው በእነሱ ነው። እግሩንም ተወው፣ ሁለቱም ፊት ይሥራ፣ አንዱ ሲደክም ይገለብጡታል።

ሼፍ ከምድጃው ጎን፦

እኔ ከተጠቃሚው በኩል ልናገር። ወንድሜ፣ አናጢውን ብቻ አልወቅስም። ያ መክተፊያ ዕቃ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ገብቷል ብዬ ልወራረድ እችላለሁ። ገርጥቶ ጸጉር ማውጣቱ የሱ ምልክት ነው። በሙቀት የሚሠራው የሆቴል ማሽን መጨረሻ ላይ የሚያጥብበት ውኃ 82 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይደርሳል። ማታ ላይ የዕቃ ክምር ያለበት ስቲዋርድ፣ ማለትም ዕቃ አጣቢው፣ እንጨት ይሁን ሳህን አይለይም፣ ያገኘውን ያስገባል። እኔ ባለሁበት አንድ ትልቅ መክተፊያ እንደዚያ ገብቶ ጠዋት ላይ ለሁለት ተከፍሎ አገኘነው፣ የመገጣጠሚያው መስመር እንደተቆረጠ ዳቦ ጥርት ብሎ ነበር የተለያየው። ስለዚህ ስታስረክብ ከሼፉ ጋር ብቻ አታውራ። ስቲዋርዶቹን አግኛቸው፣ መክተፊያውን ይዘህ በእጅህ አሳያቸው። በእጅ፣ በሙቅ ውኃና ሳሙና፣ ሁለቱም ፊት፣ ጨምቆ መጥረግ፣ ከዚያ በጠርዙ ማቆም። አስተኝተው ካደረቁት የታችኛው ፊት እርጥብ ሆኖ ያድርና ይጎብጣል።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፣ ምክንያቱም ይህን ጥያቄ የጤና ተቆጣጣሪ ይጠይቃቸዋል። እንጨት ንጹሕ አይደለም የሚል ሰው አታጣም። ዲን ክሊቨር የሚባሉ ተመራማሪ በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1990ዎቹ ፈትነውት ነበር። እንጨት ላይ የወደቀው ባክቴሪያ ወደ ውስጥ ይሰርግና እዚያው ይሞታል እንጂ አይባዛም፣ በቢላ የተጫረ ፕላስቲክ ደግሞ ለማጽዳት ከባድ ነው የሚል ነው ያገኙት። የአሜሪካው የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ፣ ኤፍዲኤ፣ የሚያወጣው የምግብ ኮድም እንጨትን ለምግብ ገጽ በጥቅሉ ከከለከለ በኋላ ጠንካራ ሜፕልን ወይም እንደሱ ጠንካራና ቃጫው የጠበቀ እንጨትን ለመክተፊያ ይፈቅዳል። ይህ ማለት ግን ማጽዳቱ ይቀራል ማለት አይደለም! ለጥሬ ሥጋና ለዶሮ የራሱ መክተፊያ ይኑረው። ብዙ ማዕድ ቤት በቀለም ነው የሚለየው፣ አንተ ደግሞ በጠርዙ ላይ ምልክት ልትቀርጽላቸው ትችላለህ፣ በጣም ይወዱልሃል።

ስለ ክብደቱም አስብበት። 45 በ30 በ4 ሜፕል ወደ 3.8 ኪሎ ይመጣል። በሁለቱ ጎኖች ለጣት መያዣ ካልፈለፈልክለት እርጥብ እጅ ላይ ያንሸራትታል።

ሌላ ደግሞ፣ ሲጫር እያመጡ እንዲያስልጉ ተዋዋላቸው። ጭረት የበዛበት ገጽ በደንብ አይጸዳም፣ ወይ ይላጋል ወይ ይጣላል። 4 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ጥሩ የሆነው ለዚህ ነው፣ ደጋግሞ መላግ ይችላል። ላንተም ቋሚ ሥራ ነው።

ሌዘር ላይ የምውል፦

ስለ ስጦታው እኔ ልመልስ፣ ሥራዬ ስለሆነ።

መጀመሪያ፣ የስጦታው ጣውላ እና የማዕድ ቤቱ መክተፊያ አንድ ዕቃ አይደሉም፣ አንድ ዓይነት ስም ቢኖራቸውም። የስጦታው ምግብ ይቀርብበታል፣ ይታያል፣ አልፎ አልፎ ይከተፍበታል። ስለዚህ እንጨቱም ሊለይ ይችላል። ሜፕል የእንጨት ጥንካሬ በሚለካበት በያንካ መለኪያ 1450 ነው፣ ዋልነት 1010፣ ቼሪ 950። ማዕድ ቤት ውስጥ ይህ ልዩነት ትርጉም አለው፣ ስጦታ ላይ ግን ዋልነትም ቼሪም ያኮራሉ። ቀይ ኦክን ግን ለሁለቱም አልመክርም። ቀዳዳው ክፍት ነው፣ አጭር ቁራጭ ወስደህ በአንዱ ጫፍ ብትነፋበት ትንፋሽህ በሌላው ጫፍ ይወጣል። ትንፋሽ ካለፈ የምግብ ጭማቂም ይገባል።

ሌዘሩ ሜፕል ላይ ጥርት ያለ ጥቁር ቡናማ ይሰጥሃል። ዋልነት ራሱ ጥቁር ስለሆነ ቀጭን ፊደል ይጠፋበታል፣ ደማቅና ወፍራም ሎጎ ብቻ ነው የሚያምርበት። ጽሑፉን የሚከተፍበት ገጽ መሃል ላይ አታድርገው፣ በተቃጠለው ጎድጓዳ ምግብ ይሰነቀራል፣ ቢላም ያበላሸዋል። ጥግ ላይ ወይም በጀርባው ይሁን። ሎጎው ሁለት ጣውላ የተጣበቁበት መስመር ላይ ሲያርፍ ደግሞ ኮላውና እንጨቱ እኩል አይቃጠሉም፣ መስመሩ በፊደሉ መሃል ይታያል። ለ150ው ከአንድ ወጥ ጣውላ ብትሠራ ይሻላል፣ 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ካገኘህ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በ220 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ካለሰለስክ በኋላ በእርጥብ ጨርቅ አብሰው፣ ጸጉሩ ይነሣል፣ ሲደርቅ እንደገና አለስልሰው። ያኔ ደንበኛው ሲያጥበው ጸጉር አያወጣም። ከዚያ ወረቀት ፕላስተር ለጥፈህበት በሌዘር ጻፍ፣ ጭሱ እንጨቱን እንዳያጠቁረው። ዘይቱ የመጨረሻው ነው። ሎጎውን ደግሞ በቬክተር ፋይል፣ ማለትም ቢያሳድጉትም ጠርዙ በማይበላሽ የሥዕል ፋይል፣ ጠይቃቸው። ከስልክ ላይ የተነሣ ፎቶ ልከው "ይሄን አድርግልን" ይሉሃል፣ አትቀበል፣ ጠርዙ የተፈረፈረ ሆኖ ነው የሚወጣው።

የምግብ ዘይትን ነገር ማንም አላነሣም። የሸተተህ እሱ ነው። አይደርቅም፣ ውስጥ ሆኖ ይሻግታል። ለምግብ የተፈቀደ ሚኒራል ዘይት ተጠቀም፣ ከላይ የንብ ሰም የተቀላቀለበት። ከለውዝ ዓይነት የሚወጣ ዘይት ለሆቴልና ለስጦታ አትቀባ፣ አለርጂ ያለበት ሰው ማን እንደሆነ አታውቅም።

ግዢ ክፍል፦

ከገዢ በኩል ትንሽ ነገር። እኔ በመሥሪያ ቤቴ እንዲህ ያለ ስጦታ አዝዤ አውቃለሁ። ሎጎው እንደ ማስታወቂያ ሰሌዳ መሃሉን ሞልቶት ነበርና የሰጠናቸው ሰዎች ቤት ሄጄ አንዱም ጠረጴዛ ላይ አላየሁትም። በሚቀጥለው ዓመት ሎጎውን የአውራ ጣት ጥፍር ያህል አድርገን ጥግ ላይ አስቀመጥነው፣ የተቀባዩን ስም በትልቁ። ሰዎች ፎቶ አንሥተው ላኩልን። ይህን ለደንበኛህ ንገረው፣ የሚሰማህ ከሆነ። ስም የምትጽፍ ከሆነ ዝርዝሩን በጽሑፍ ተቀበል፣ አስፈርም። በስልክ የተነገረህን ስም እንዳትጽፍ። የተቃጠለ እንጨት አይሰረዝም።

አንድ ናሙና ጨርሰህ በፊርማ አጸድቅ፣ ከዚያ ሌላውን ጀምር። የእንጨት ቀለምና መልክ እንደሚለያይም ቀድመህ ንገራቸው፣ ቼሪ ከሆነ ደግሞ ብርሃን ሲያገኝ እየጠቆረ እንደሚሄድ።

150ው ጣውላ ሜፕል ከሆነ 126 ኪሎ አካባቢ ነው። ማጓጓዣውን ዋጋህ ውስጥ አስገባ። ዘይት የተቀባ ዕለት በፕላስቲክ አትጠቅልል፣ ቢያንስ አንድ ቀን ይደር፣ ከዚያ ትርፉን ጠርገህ በወረቀት ጠቅልለው። በእያንዳንዱ ሣጥን ውስጥ አጭር ካርድ ጨምር፦ ማሽን ውስጥ አይገባም፣ አይዘፈዘፍም፣ ሲገረጣ ዘይት ይቀባል።

ጣውላ ሠሪው፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ከልቤ ነው። ዛሬ ሆቴሉ ሄጄ ነበር። እህቴ ሼፍ፣ ልክ ነሽ፣ ማሽን ውስጥ ገብቷል፣ ስቲዋርዱ ራሱ ነገረኝ፣ ማንም አትሞክር አላለውም። የተሰነጠቀውን ማሰሪያ ቆርጬ ሳወጣው ስንጥቁ በዓይኔ እያየሁት ገጠመ፣ ጠባብ መስመር ብቻ ቀረ። ያን ጊዜ ነው መላጊያ ያለው በደንብ የገባኝ። አሁን ሁለት አዲስ ናሙና ያለ ማሰሪያ አጣብቄ ሞርሳ ውስጥ ናቸው። አንዱን ለሆቴሉ እሰጣለሁ፣ ሌላውን እኔው ቤት ወስጄ በየቀኑ እያጠብኩ አንድ ወር አየዋለሁ። የስጦታው ደንበኛ ሎጎው ይነስ ስለው "እናስብበት" አለኝ፣ ሁለቱንም ዓይነት ሠርቼ ጎን ለጎን ላሳየው ነው።