ለምግብ ቧንቧ ካንሰር የታዘዘ ጨረር፦ ለመፈወስ ነው ወይስ ለማስታገስ?

የአርሲ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ የ61 ዓመት አርሶ አደር ናቸው። በመጀመሪያ እንጀራና ሥጋ፣ ቀጥሎም ገንፎ አልወርድ እያላቸው ሄዶ አሁን የሚችሉት አጥሚትና ወተት ብቻ ነው። በኢንዶስኮፒ ናሙና ተወስዶ የምግብ ቧንቧ ካንሰር መሆኑ ታወቀ፤ ዓይነቱም ስኩዌመስ ሴል ካርሲኖማ (ከቧንቧው የውስጥ ሽፋን ሕዋሳት የሚነሣ ካንሰር) ነው ተባልን። በሲቲ ስካን ወደ ጉበትና ወደ ሳንባ አለመሠራጨቱ የታየ ሲሆን፣ ሐኪሙ ጨረርና ኬሞ በአንድነት አዝዘዋል። ታላላቆቼ ግን ጨረር የሚሰጠው ተስፋ ለተቆረጠበት ሰው ስለሆነ ቀዶ ሕክምና ይደረግላቸው ይላሉ። ሕክምናው ለመፈወስ የታሰበ መሆኑን በምን ማወቅ እንችላለን? እናቴም አባቴ ከጨረር ሲመለሱ ሕፃናት ሊያቅፉ ይችሉ እንደሆነ ትጨነቃለች።

የጨረር ክፍል ባለሙያ፦
እግዚአብሔር ይማርልዎት። የታላላቆችዎ ግምት ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። በአገራችን የጨረር ሕክምና ለረጅም ዓመታት የሚሰጠው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ስለነበር ብዙ ሕሙማን ተራ የሚደርሳቸው በሽታው ከገፋ በኋላ ነበር፤ ስለዚህም ሕዝቡ ያየው በአብዛኛው የማስታገሻውን ጨረር ነው።

ካንሰሩ ካልተሠራጨ ግን ጨረርና ኬሞ ለመፈወስ ይሰጣሉ። በኔዘርላንድስ ተሞክሮ በ2012 ውጤቱ የታተመው አሠራር 41.4 ግሬይ (ግሬይ የጨረር መጠን መለኪያ ነው) ጨረር በ23 ጊዜ ተከፋፍሎ፣ በየሳምንቱ ከሚሰጥ ኬሞ ጋር እንዲሰጥና ቀዶ ሕክምና እንዲከተል ያደርጋል። በዚያ ጥናት ስኩዌመስ ሴል ከነበረባቸው ሕሙማን ግማሽ ያህሉ፣ ቀዶ ሕክምናው ሲደረግ በወጣው አካል ላይ ሕይወት ያለው የካንሰር ሕዋስ አልተገኘባቸውም። ቀዶ ሕክምና የማይታሰብ ከሆነ ደግሞ 50.4 ግሬይ በ28 ጊዜ ይሰጣል። በተለይ ዕጢው አንገት አካባቢ ከሆነ ቀዶ ሕክምናው ማንቁርትንም ማውጣት ሊጠይቅ ስለሚችል ጨረርና ኬሞ ይመረጣሉ። የማስታገሻ ጨረር አጭር ነው፤ ለምሳሌ 30 ግሬይ በ10 ጊዜ። እንግዲህ ሐኪሙን «ጠቅላላው ስንት ግሬይ ነው፣ በስንት ጊዜስ ይሰጣል?» ብለው ቢጠይቁ ዓላማው ይገለጽልዎታል።

ለእናትዎ ይንገሯቸው፦ ከውጭ በማሽን የሚሰጥ ጨረር በሰውነት ውስጥ አይቀርም፤ አባትዎ በዚያው ዕለት የልጅ ልጆቻቸውን ማቀፍ ይችላሉ።

ድምፀ ሻካራው፦
እኔ የታከምሁት ለማንቁርት ካንሰር ነው። ዕጢው ገና በድምፅ አውታር ላይ ብቻ ሳለ ስለተደረሰበት ኬሞ ሳያስፈልገኝ 63 ግሬይ በ28 ጊዜ ተሰጠኝ፤ ድምፄም ከመሻከር በቀር አልጠፋም። አንገቴ እንዳይንቀሳቀስ በሙቅ ውኃ የለሰለሰ የፕላስቲክ መረብ ፊቴ ላይ ተዘርግቶ እስኪጠነክር ተጠበቀ፤ በየዕለቱም በዚያው ጭምብል ከጠረጴዛው ጋር እታሰር ነበር። ሲጋራ አቁም መባሌ ከሁሉ ይልቅ ከበደኝ፤ ሆኖም በሕክምናው ወቅት ማጨስ የጨረሩን ውጤት እንደሚቀንስ ተነግሮኛል። አባትዎ ከመጀመራቸው በፊት ጥርሳቸውን ቢያሳዩ መልካም ነው።

ነርስ፦
የጥርሱ ምክር መንጋጋ ጨረር ለሚያገኘው ሰው እጅግ አስፈላጊ ነው፤ ዕጢያቸው ደረት ውስጥ ከሆነ ግን በዚያ ምክንያት ሕክምናውን አያዘግዩ። ለእሳቸው ዋናው ጉዳይ ምግብ ነው። ከሁለተኛው ወይም ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ የቧንቧው ግድግዳ ስለሚቆስል መዋጥ ከመሻሻሉ በፊት ይብስባቸዋል፤ ቤተሰብም በሽታው የጠነከረ መስሎት ሕክምናውን የሚያስቋርጠው በዚህ ጊዜ ነው። አጥሚቱን በወተት፣ በእንቁላልና በቅቤ አበልጽጉት፤ በጣም ትኩስ አድርጋችሁ ግን አትስጧቸው። ጾም የሚይዙ ከሆነ አስቀድመው የሃይማኖት አባታቸውን ያማክሩ። ክብደታቸው እየወረደ ከሄደ በሆድ በኩል የሚገባ የመመገቢያ ቱቦ እንዲደረግላቸው ይጠይቁ። ፈሳሽ በዋጡ ቁጥር ትን እያለ የሚያስላቸው ከሆነ ግን በምግብና በአየር ቧንቧ መካከል ቀዳዳ ተከፍቶ ሊሆን ስለሚችል ሳታድሩ ሆስፒታል ውሰዷቸው።

የአርሲ ልጅ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሐኪሙን ጠይቄ 50.4 ግሬይ በ28 ጊዜ መሆኑን አረጋግጫለሁ፤ አዲስ አበባ የሚያርፉበትን ቤት እየፈለግን ነው። ማሽኑ ተበላሽቶ ቀን ቢያልፋቸውስ?

የጨረር ክፍል ባለሙያ፦
ያለፈው ቀን ይካካሳል እንጂ ከ28ቱ አይቀነስም። እንደ ክፍሉ አሠራር ቅዳሜ፣ ወይም በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ቢያንስ በ6 ሰዓት ልዩነት ሊሰጣቸው ይችላል። ሕክምናው በተራዘመ ቁጥር የካንሰሩ ሕዋሳት መልሰው የመባዛት ዕድል ስለሚያገኙ፣ በቀረው ቀን ምትክ የሚሰጠውን ቀጠሮ በዚያው ዕለት ይጠይቁ፤ ማሽኑ እስኪጠገን ብለውም ወደ አርሲ አይመልሷቸው።