የእናቴ ጉበት ላይ ስለታየው ነገር የምታውቁ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች፣ ከደሴ ነው የምጽፈው። እናቴን ቀኝ ጎኗን ስላመማት አልትራሳውንድ አስነሳናት፤ ከጉበቷ ሽፋን ሥር 2 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ነጣ ያለ ነገር ታየ። ሐኪሙ ሄማንጂዮማ (ከደም ሥሮች የተሠራ እብጠት) ሳይሆን አይቀርም፣ እሱ ደግሞ ካንሰር አይደለም አለን። ለማረጋገጥ ግን በደም ሥር ምስሉን የሚያጎላ መድኃኒት እየተሰጠ የሚነሳ ሲቲ ስካን አዘዘ፤ ሄማንጂዮማ ከሆነ መድኃኒቱ ከዳር ወደ መሃል ቀስ እያለ ስለሚሞላው ደጋግሞ መነሳት አለበት አሉ።

የጨነቀኝ ይህ መድኃኒት ኩላሊቷን እንዳይጎዳው ነው። ስኳር አለባት፣ የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየው የደም ምርመራ ክሬቲኒኗም ከፍ ብሏል። እሷ ውጤቱን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ይዛ «ምን አሉኝ?» እያለች ስትጠይቀኝ ምን ልበላት? በኤምአርአይ ቢታይ ይሻላል? ወይስ ለቆዳ ቅርብ ነገር በሚያጠራው የአልትራሳውንድ መሣሪያ ደግመን እናስነሳት? ደሴ ወይ ኮምቦልቻ ይህን ያለፋችሁበት ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።