ማህተሙ የማነው? ግቢው ሲታመስ የቀድሞ ተማሪዎች ማህበር ምን ይበል

ባች 99፦ ሰላም የግቢ ልጆች። ትናንት ማታ ኮዬ መብራት ስላልነበረ ዛሬ ጠዋት ሀይገር ውስጥ ቆሜ ነው ያየሁት፣ ላላየ በአጭሩ ልበል። ፕሬዚዳንቱ በአንድ ሳምንት ሶስት ዲን በደብዳቤ አነሳ፣ ሴኔት አልተሰበሰበም፣ መምህራኑ ፈርመው ለቦርዱ ቅሬታ አስገቡ፣ ተማሪው ደግሞ ሁለት ቀን ካፌ አልገባም አለ። እሺ ይሄ የነሱ ጉዳይ ነው እንበል። የኛ የቀድሞ ተማሪዎች ማህበርስ? «ከአመራሩ ጎን በጽናት እንቆማለን» የሚል ሁለት ገጽ መግለጫ አውጥቷል፣ ከስሩ ክብ ማህተም። እኔን የጠየቀኝ የለም፣ ከናንተ ውስጥ የተጠየቀ አለ? ግቢው እንዲህ ሲሆን የማህበር ስራ ምንድነው፣ መደገፍ ነው፣ መቃወም ነው፣ ወይስ አፉን ይዞ ቁጭ ማለት? ስድብ ይቅርና እንነጋገርበት።

ሲቪል 2003፦ አፉን ይዞ ቁጭ ማለት። ከግቢ ከወጣን ስንት አመታችን ነው እኮ። እኛ የተሰባሰብነው ላይብረሪ ውስጥ ወንበር ልንገዛ፣ አቅም ለሌላቸው ልጆች ደብተርና ሞዴስ ልናዋጣ ነው። ዲን ተነሳ አልተነሳ ምን አገባን? ዛሬ አንድ ነገር እንላለን፣ ነገ ዋናው በር ላይ ጥበቃው መታወቂያ ይለናል፣ ወንበሩም ደብተሩም እዛው ይቀራል። የሚጎዳው ያ ምስኪን ፍሬሽ ነው።

የገላኗ፦ ታዲያ ማህበሩ መች ዝም አለ? አንተ ዝም ይበል ካልክ መግለጫው ካንተም ጋር ተጣልቷል። ደግፎ መናገርም መናገር ነው።

ሲቪል 2003፦ እሱስ ልክ ነሽ፣ መግለጫውን እኔም አልወደድኩትም። ግን ሌላ መግለጫ በላዩ ይውጣ ማለት እሳት ላይ ቤንዚን ነው።

ኮስት ሼሪንግ ከፋዩ፦ ምን አገባን የሚል ሰው ሲያናድደኝ። ከደሞዜ 10 በመቶ እየተቆረጠ ስንት አመት ከፈልኩ፣ ኦሪጅናሌን ለማውጣት ስንት ቢሮ ዞርኩ። ቀጣሪ ሲቪ ሲያይ መጀመሪያ አይኑ የሚያርፈው ግቢው ስም ላይ ነው። አሁን ደሞ ከ2015 ጀምሮ የመውጫ ፈተና መጥቷል፣ የትኛው ግቢ ስንት አሳለፈ እየተባለ በየአመቱ እንወራረዳለን። ስሙ ሲረክስ የሚረክሰው የኔ ወረቀት ነው፣ እሱማ ሌላ ሹመት አያጣም።

ሲቪል 2003፦ ኮስት ሼሪንግ የሚሰበስበው ገቢዎች ነው ወንድሜ፣ ግቢው ጋር አትውሰደው ሃሃ

የገላኗ፦ እኔ ግን ማህተሙ ላይ መቆም እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም በ2009 እና 2010 የማህበሩ ጸሐፊ እኔ ነበርኩ፣ ማህተሙም እኔ ቤት ነበር። የኒዶ ቆርቆሮ ውስጥ በሶፍት ጠቅልዬ ቁምሳጥን ላይ ነበር የማስቀምጠው። አንድ ቀን ልጄ ወንበር ላይ ወጥታ አውርዳው ሳሎን ግድግዳ ላይ አሳረፈችው፣ ግማሽ ክብ፣ «የቀድሞ ተማ» የሚለው ድረስ ይነበባል። ሁለቴ ቀለም አስቀባሁበት፣ ሰማያዊው አሁንም ከስር ይወጣል። ይህን የማወራው ለጨዋታ ብቻ አይደለም። ያኔ ያ ማህተም አንድ ወረቀት ላይ እንዲያርፍ ሶስት ሰው መፈረም ነበረበት፣ ቃለ ጉባኤ ነበረው፣ ለወንበር ግዢ ለ47 ሺህ ብር እንኳን ሁለት ስብሰባ ተቀምጠናል። አሁን ግን የዩኒቨርሲቲው አመራር ልክ ነው ብሎ ለመመስከር አንድ ሰው ብቻውን በቃ? ስሙን አልጠራም ግን ሊቀመንበራችን የግቢውን አጥር የሚሰራው ኮንትራክተር መሆኑን የማያውቅ አለ እንዴ?

ባች 99፦ ኧረ እኔ አላውቅም ነበር!!

ሲቪል 2003፦ ጨረታ አሸንፎ ነው የሚሰራው፣ እንዲህ አይባልም።

የገላኗ፦ አሸንፎ ይሁን፣ ሌባ አላልኩም። ክፍያ የሚፈርምለትን ሰው ጽድቅ በኔ ማህተም አይመስክር ነው ያልኩት።

ህግ 2005፦ ለሁለታችሁም ትንሽ ህግ። በሲቪል ማህበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 መሰረት የማህበር የመጨረሻው ወሳኝ አካል ጠቅላላ ጉባኤው ነው፣ ሊቀመንበሩ አይደለም፣ ስራ አስፈጻሚውም አይደለም። ስለዚህ «ማህበሩ ይደግፋል» ከተባለ የማን ውሳኔ ነው ብሎ መጠየቅ የማንኛውም አባል መብት ነው። ሌላው ደሞ ብዙ ሰው አሁንም በ2001ዱ በአዋጅ 621 ዘመን ያለን ይመስለዋል፣ ያኔ ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ ያገኘ ማህበር መብት ምናምን ላይ መስራት አይችልም ነበር፣ አዲሱ አዋጅ ያንን አንስቶታል። የፓርቲ ቅስቀሳ ውስጥ አትግባ እንጂ ስለ ግቢህ አስተዳደር ጥያቄ ማቅረብ ወንጀል አይደለም። በሌላ በኩል ደሞ እውነቱን እንነጋገር፣ የመንግስት ዩኒቨርሲቲን ቦርድ የሚሰይመው ሚኒስቴሩ ነው፣ የፕሬዚዳንቱ ተጠሪነት ለቦርዱ ነው፣ እኛ እዛ ወንበር የለንም ድምጽም የለንም። አሜሪካ ሀርቫርድ ሄደህ ብታይ 30 አባላት ያሉት የበላይ ተመልካቾች ቦርድ አለ፣ የሚመርጠው ዲግሪውን የያዘ ሰው ነው። እኛ ያለን አንድ ነገር ነው፣ ወረቀት። ደብዳቤ መጻፍ።

ኮስት ሼሪንግ ከፋዩ፦ ሀርቫርድን ካነሳህማ ድምጹ ሳይሆን ብሩ ነው የሰራው። ፕሬዚዳንቷ ክሎዲን ጌይ በፈረንጆቹ ጥር 2 ቀን 2024 ስትለቅ ስድስት ወር ነበር የሰራችው፣ በግቢው ታሪክ አጭሩ። ከሷ በፊት በታህሳስ የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲዋም ፕሬዚዳንት ለቃለች። ጉዳዩ ብዙ ነበረው፣ የኮንግረስ ጥያቄ ነበር፣ እሷ ላይ ደሞ የሌላ ሰው ጽሁፍ ያለ ምንጭ ተጠቅማለች የሚል ነበር፣ ግን ከተመራቂዎቹ ውስጥ ያሉት ቢሊየነሮች ስጦታችንን እናቆማለን እያሉ ሲጮሁ አለም ሰምቷል።

ሲቪል 2003፦ እና ያ ጥሩ ነው? ብር ያለው ተመራቂ ፕሬዚዳንት ያስነሳ? እኛ ጋር ብር ያለው ማን እንደሆነ አሁን ነገረችን እኮ፣ አጥሩን የሚሰራው ሃሃሃ

ኮስት ሼሪንግ ከፋዩ፦ እሱን ስታይማ ትንሽ አሳፈርከኝ።

ምልክት ቋንቋ አስተማሪዋ፦ እኔ ብዙ አልጽፍም ግን አንድ ታሪክ አለ፣ መስማት የተሳናቸው ልጆች ስለማስተምር ሁሌ የምነግራቸው። ዋሽንግተን ጋላውዴት የሚባል ዩኒቨርሲቲ አለ፣ በ1864 የተመሰረተ፣ መስማት ለተሳናቸው ተብሎ። እስከ 1988 ድረስ አንድም ቀን መስማት የተሳነው ፕሬዚዳንት አልነበረውም፣ 124 አመት ማለት ነው። በዛ አመት መጋቢት ላይ ሶስት እጩ ቀረበ፣ ሁለቱ መስማት የተሳናቸው፣ አንዷ የምትሰማ። ቦርዱ የምትሰማዋን መረጠ። ተማሪው በሩን ዘጋ፣ ከበሩ በፊት ግን ቀድመው ሰልፉን ያደራጁት፣ በራሪ ወረቀት የበተኑት፣ ከግቢው በቅርብ የወጡ ወጣት ተመራቂዎች ነበሩ። ሳምንት ሳይሞላ ሴትየዋ ለቀቀች፣ የቦርዱ ሰብሳቢም ለቀቀች፣ ኪንግ ጆርዳን የሚባል ራሱ የግቢው ምሩቅ የሆነ ሰው ፕሬዚዳንት ሆነ። ልጆቼ እዚህ ጋ ሲደርሱ ሁለት እጃቸውን ከፍ አድርገው ያወዛውዛሉ፣ የነሱ ጭብጨባ እሱ ነው። ግን ታሪኩ እዛ አያልቅም። በ2006 ጆርዳን ጡረታ ሲወጣ ቦርዱ ሌላ ሰው መረጠ፣ ጆርዳንም ደገፋት፣ አሁን ደሞ ግቢው በሱ ላይ ተነሳ፣ ተማሪውም መምህሩም ተመራቂውም፣ ከመቶ በላይ ሰው በፖሊስ ተያዘ፣ በመጨረሻ ቦርዱ ሹመቷን ሰረዘ። ያኔ በተቃውሞ የመጣ ሰው በ18 አመቱ እሱ ራሱ ተቃውሞ በር ላይ ቆመበት። ስለዚህ እኔ ማህበር «ከእገሌ ጎን» ሲል ነው የሚያስፈራኝ፣ ከደጋፊም ከተቃዋሚም። ሰው ይቀያየራል።

የገላኗ፦ እህቴ ብዙ አልጽፍም ብለሽ ❤

አድሚን፦ አንድ ኮሜንት አጥፍቻለሁ። የዲኖቹን ብሄር መቁጠር የጀመረ ሰው ነበር። እሱ እዚህ አይሆንም፣ ቀጥሉ።

ግቢ ውስጥ የምሰራ፦ ስሜን ሳልጠቅስ ልናገር። እናንተ ከውጭ ሆናችሁ ሶስት ዲን ተባረረ ስትሉ ሶስቱም አንድ አይነት ናቸው ብላችሁ ነው። አንደኛው ሲነሳ ያጨበጨቡ መምህራን አሉ። የሱ ኮሌጅ ላብራቶሪ አራት አመት ተቆልፎ ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ነበር፣ ባለፈው ሲከፈት ኬሚካሉ ግማሹ ጊዜው አልፎበታል፣ ማይክሮስኮፖቹ ካርቶናቸው እንኳን አልተቀደደም። ልጆቹ ሶስተኛ አመት ድረስ ፕራክቲካል የተማሩት በፎቶ ነው። ሌሎቹ ሁለቱ ደሞ እኔ እስከማውቀው ጥሩ ሰዎች ናቸው፣ አንዷ በተለይ። ለምን እንደተነሳች ደብዳቤው ላይ «ለስራው ቅልጥፍና ሲባል» ይላል፣ በቃ፣ ሌላ ምንም የለም።

ባች 99፦ አሃ። ይሄ ለኔ ነገሩን ቀየረው። እውነቱን ለመናገር ጠዋት ስጽፍ ተቃውሞ መግለጫ ይውጣ ልል ነበር። አሁን ግን ሶስቱንም ዲኖች ይመለሱ ብል ያን ባለ ቁልፉን ሰውዬም ላስመልስ ነው ማለት ነው።

የሰበታው መምህር፦ ልጆች እንደምን አመሻችሁ፣ ዘግይቼ ነው የገባሁት።

የገላኗ፦ ጋሼ እንኳን ደህና መጡ፣ እርሶን ነበር የምንጠብቀው።

የሰበታው መምህር፦ እናንተ አታስታውሱትም ይሆናል፣ በ1985 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር አስራት ወልደየስን ጨምሮ ከ40 በላይ መምህራን ባንድ ጊዜ ተሰናብተዋል። ከዛ ዘመን እኔ የያዝኩት አንድ ነገር ነው፣ መምህር በደብዳቤ ይወጣል፣ በደብዳቤ ግን አይተካም። አንድ ቀዶ ሐኪም፣ አንድ የታሪክ ተመራማሪ ለማውጣት ሃያ ሰላሳ አመት ነው። እና ልጄ ሲቪል፣ ምን አገባን ያልከው አይገባኝም። ማን ያግባው? ተማሪው ሶስት አራት አመት ቆይቶ ይሄዳል፣ ፕሬዚዳንቱ ይቀየራል፣ ሚኒስትሩ ይቀየራል። ከግቢው ጋር እስኪሞት የሚጠራው ተመራቂው ብቻ ነው፣ ለቅሶ ላይ እንኳን «የእገሌ ዩኒቨርሲቲ ምሩቅ» ተብሎ የህይወት ታሪኩ ይነበባል። ግን ደግሞ ማህበሩ ጎራ ይሁን አላልኩም፣ ሽማግሌ ጎራ ከሆነ አስታራቂ ያጣል።

ሲቪል 2003፦ እሺ ጋሼ፣ ተቀብያለሁ። ግን ምን እናድርግ ነው የሚሉት?

ባች 99፦ ጋሼ ይቅርታ ላቋርጥዎት። ዲሲ ያለው የባቻችን ልጅ የነገረኝ አለ፣ እዛ አጠገባቸው ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ በ2012 ቦርዱ ፕሬዚዳንቷን ቴሬሳ ሱሊቫንን ድንገት አስለቀቃት፣ ምክንያቱ በግልጽ አልተነገረም። መምህራኑም ተማሪውም ተመራቂውም ለጋሹም ተነሳ፣ ዋናው ጥያቄ ግን «ለምን?» ነበር። እስቲ ምክንያቱን ንገሩን። የሚነገር ነገር ሲጠፋ ያው ቦርድ በ16 ቀኑ በሙሉ ድምጽ መለሳት። እኛም እኮ እሱን መጠየቅ እንችላለን፣ ይመለሱም አይመለሱም ሳንል። ለሶስቱም ለየብቻ፣ ምክንያቱ ምንድነው፣ ሴኔቱ ለምን አልተሰበሰበም፣ የመምህራኑ ቅሬታ መቼ መልስ ያገኛል። ባለ ቁልፉ ሰውዬ ከሆነ ምክንያቱ ይጻፍና እኛም እናጨብጭብ።

ህግ 2005፦ እሱ ያስኬዳል። ለቦርዱ ነው የሚጻፈው፣ ለፕሬዚዳንቱ በግልባጭ። ከዛ በፊት ግን የመጀመሪያው መግለጫ መነሳት አለበት፣ አለዚያ በግራ እጃችን ደግፈን በቀኝ እጃችን የምንጠይቅ እንሆናለን። እሱን የሚያነሳው ጉባኤው ነው።

ሲቪል 2003፦ ኧረ ጉባኤ! ባለፈው አመት የመጣው 23 ሰው ነበር፣ 9ኙ ለምሳው ነው።

የገላኗ፦ ምሳው ጥሩ ነበር ግን

ግቢ ውስጥ የምሰራ፦ እባካችሁ ደብዳቤው ላይ ላብራቶሪውን አትጥቀሱ፣ ከማን እንደወጣ ያውቃሉ።

ባች 99፦ አይጠቀስም፣ አትስጋ።

አድሚን፦ ሊቀመንበሩን በውስጥ አናግሬው ነበር። «መግለጫው የወጣው በአስቸኳይ ሁኔታ ነው፣ በሌላ ጊዜ እንወያይበታለን፣ ማህተሙ እኔ ጋር ነው» ብሏል። ቃል በቃል ነው የገለበጥኩት።

ኮስት ሼሪንግ ከፋዩ፦ ማንም ስለ ማህተሙ የት ነው አላለውም እኮ ሃሃሃሃ

የሰበታው መምህር፦ ቅዳሜ 9 ሰዓት ቱሉ ዲምቱ አደባባይ አጠገብ ያለችው ጁስ ቤት እንገናኝ፣ እሱንም ጥሩት፣ በክብር ጥሩት። የጉባኤ መጥሪያ አባላት ፈርመውበት ይገባል፣ እኔ ከሰበታ እመጣለሁ፣ የመንገዱን ነገር እግዜር ይሁነኝ።

ባች 99፦ መጥሪያውን ዛሬ ማታ እጽፈዋለሁ፣ መብራት ካለ። እሱ ማህተሙን ይዞ ባይመጣስ?

ህግ 2005፦ መጥሪያው በፊርማ ይሄዳል፣ ማህተም አይጠብቅም።

የገላኗ፦ ካስፈለገም ግማሹ እኔ ሳሎን አለ