«ተፈተለከ»፣ «የፈረስ ጉልበት»፣ «ፍሬን በጠሰ»፦ ቃሉና ፊዚክሱ ይስማማሉ?

ፈረንጅ አራዳ፦ እስቲ አንድ ቃል አብረን እንፈትሽ። «ባጃጁ ፈጠነ» ሲባል በሰዓት 40 እየሄደ ነው ማለት ነው ወይስ ከ20 ወደ 40 ከፍ አለ? ለሁለተኛው «ፍጥንጥነት» የሚል የመጽሐፍ ቃል አለን፤ ግን አፍ ላይ ይጎረብጣል። ሰው በየቀኑ የሚናገረው ቃል የለም?

ጅሬን፦ እንዴት ይጠፋል ወንድሜ! «ከነፈ»፣ «በረረ»፣ «ሽምጥ ጋለበ» የፍጥነቱን ልክ ይናገራሉ። «ተፈተለከ» እና «ተስፈነጠረ» ግን ለውጡን ነው የሚናገሩት፤ ከቆመበት ወይም ከዝግታ ድንገት መነሳትን። መፈተኛው ቀላል ነው፤ ከጅማ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችውን ሰኮሩን እንውሰድ። «እስከ ሰኮሩ ድረስ ሲከንፍ ሄደ» ያስኬዳል፤ «እስከ ሰኮሩ ድረስ ሲፈተለክ ሄደ» ካልክ ግን ያስቃል።

በቁጥር እንየው። ባጃጅ ጅማ ካለው አጂፕ ሰፈር ተነስቶ በ5 ሰከንድ ውስጥ 18 ኪሎ ሜትር በሰዓት ደረሰ እንበል። 18ን ለ3.6 ስናካፍል 5 ሜትር በሰከንድ ይሆናል፤ ይህን ለ5 ሰከንድ ስናካፍል 1። ማለትም በየሰከንዱ ፍጥነቱ በ1 ሜትር በሰከንድ ያድጋል። «ሜትር በሰከንድ ካሬ» የሚለው መለኪያም ሰከንድ ሁለቴ ስለገባችበት ነው እንጂ ሌላ ምሥጢር የለውም። ባጃጁ ከነተሳፋሪው 600 ኪሎ ግራም ከሆነ የሚያስፈልገው የተጣራ ግፊት 600 × 1 = 600 ኒውተን ነው። ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ 18ን ሳይለውጥ በቀጥታ ለ5 ያካፍልና 3.6 አግኝቶ በ600 ያባዛል፤ 2,160 ይወጣለታል፤ ከዚያም ኒውተን ብሎ ይጽፋል። ኒውተን ግን ሜትርና ሰከንድ እንጂ ኪሎ ሜትርና ሰዓት አያውቅም።

(በነገራችን ላይ «ነዳጅ ረገጠ» ለባጃጅ አይሠራም፤ እጀታ ነው የሚጠመዘዘው። ቋንቋው ግን ከመኪና ወርሶታል።)

ሰዋስው ወዳድ፦ «ግፊት» ያሉት ቃል ከሌላ ፍቺ ጋር ይጋጭብኛል፤ ለፈሳሽና ለአየር የምንጠቀምበት ነው፣ «የደም ግፊት» እንደምንለው። «ኃይል» ወይም «ጉልበት» ቢሉት አይሻልም?

ጅሬን፦ ልክ ነዎት፤ «ኃይል» ይሁን። «ጉልበት» የባሰ ጣጣ አለው። «በጉልበት ገፋው» ሲባል ኃይል ነው። «ጉልበቴ አለቀ» ሲባል የሚጠራቀምና የሚያልቅ ነገር ነው። «የፈረስ ጉልበት» ደግሞ ሦስተኛ፦ ሥራ በሰከንድ ስንት እንደሚሠራ፤ 1 የፈረስ ጉልበት ወደ 746 ዋት ነው። ሦስት የተለያዩ መጠኖች በአንድ ቃል! «ኃይል»ም ንጹሕ አይደለም፤ «መብራት ኃይል» ብለን ለምደናል። የትኛውንም መምረጥ ይቻላል፤ አንድ ጽሑፍ ውስጥ መቀያየር ግን አይቻልም።

ታምቡር፦ እኔ የምጠላው «ፍሬን በጠሰ» የሚለውን ነው። የሚበጠስ ገመድ ነው። በዘይት የሚሠራ ፍሬን ላይ አብዛኛውን ጊዜ ምንም የተበጠሰ ነገር የለም።

ሰኮሩን አልፎ ወደ ጊቤ ድልድይ የሚወርደውን መንገድ አስቡት። መኪናው 4 ቶን፣ ጭነቱ እያንዳንዱ 60 ኪሎ የሚመዝን 100 ጆንያ ቡና፤ ድምሩ 10 ቶን። በየ100 ሜትሩ 6 ሜትር በሚወርድ ቦታ የመሬት ስበት ወደታች የሚስበው ወደ 6,000 ኒውተን ነው። ሹፌሩ 36 ኪሎ ሜትር በሰዓት (10 ሜትር በሰከንድ) ላይ ይዞት ከወረደ ፍጥንጥነቱ ዜሮ ነው፤ ፍሬኑ ግን አላረፈም! አየሩና ጎማው የሚይዙትን ብንተው በየሰከንዱ 6,000 × 10 = 60,000 ጁል ሙቀት ይሸከማል፤ ይህም 60,000 ዋት ነው፤ ወደ 80 የፈረስ ጉልበት ማለት ነው። ያ ሙቀት ታምቡሩን (ከጎማው ጋር የሚዞረውን የፍሬን ከበሮ) እና ሸራውን (ከበሮውን እየፈተገ የሚይዘውን ልባስ) ያግላል፣ ሸራው መያዝ ይሳነዋል። ከባሰም የፍሬኑ ዘይት ይፈላል፤ በተለይ ከቆየና እርጥበት ከሳበ። እንፋሎት ደግሞ ስለሚታመቅ ፔዳሉ እስከ ወለል ይሰምጣል። ሹፌሩ «በጠሰ» የሚለው ይህን ነው። ማርሽ ዜሮ አድርጎ የሚወርድ ሰው ደግሞ ሞተሩ ሊይዝለት የሚችለውን ሁሉ ፍሬኑ ላይ ይጭናል። ማርሽ መቀነስ ቁልቁለቱ ሳይጀመር ነው።

ፈረንጅ አራዳ፦ ታዲያ ምን እንበለው?

ሰዋስው ወዳድ፦ «ፍሬኑ ዛለ» ብንልስ? ክንድ እንደሚዝል።

ታምቡር፦ ያስኬዳል። ሸራው ሲቀዘቅዝ ይመለሳልና ዝለት ነው። ሸራው ከተቃጠለ ግን አይመለስም፤ ይቀየራል። የፈላ ዘይትም ቢቀዘቅዝ ፔዳሉ ይነሳ ይሆናል፤ ያንን ዘይት ግን ሳይቀይሩ ሌላ ቁልቁለት መጀመር አይገባም።