ጥቆማ፦ የሚኒሶታን ዊንተር የሚችል የእንጆሪ ችግኝ የት ልግዛ?

የሁለት ልጆች እናት፦ ሰላም ለሁላችሁ። የምንኖረው ሴንት ፖል ነው። በዚህ ስፕሪንግ ጓሮዬ ላይ እንጆሪ መትከል አስቤያለሁ። ልጆቼ ነፍሳቸው ነው፤ የሱቁ ደግሞ ዋጋውም ጣዕሙም አያረካም። የትኛው ዓይነት ነው ብርዱን ችሎ በዓመቱ የሚያፈራው? ችግኙንስ ከትልልቆቹ መደብሮች ልግዛ፣ ከችግኝ ጣቢያ ወይስ በፖስታ ከሚልኩት? ፀሐይ ቀኑን ሙሉ የሚያገኝ፣ አምና ቃሪያና ቲማቲም የነበረበት መደብ አለኝ።

ጓሮ ወዳድ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ዓይነቱን ለይ። አንደኛው ጁን ላይ ለሦስት ሳምንት ያህል በአንዴ አፍርቶ ያበቃል። ሌላው እስከ ፎል ውርጭ ድረስ ጥቂት ጥቂት እያለ ያፈራል። ለእኛ ብርድ የሚሆነው የጁኑ ነው። ሃኒዮይ፣ ካቨንዲሽ፣ ኬንት፣ ሜሳቢ ወይም ዊኖና የሚል ፈልጊ። ሜሳቢና ዊኖና የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ከአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ጋር ያወጣቸው ናቸው። ኬንትና ካቨንዲሽ ከካናዳ ናቸው፤ እነሱም ብርድ ያውቃሉ። እስከ ፎል ከሚያፈሩት አልቢዮንና ሲስኬፕ የካሊፎርኒያ ናቸው። ፍሬያቸው ግሩም ነው፣ ግን እዚህ ብዙ ሰው በየዓመቱ አዲስ ነው የሚተክላቸው።

ብሩክሊን ፓርክ፦ በፖስታ የሚባለውን እርሺው! እኔ ስሙን አልጠራም እንጂ ኦንላይን ካለ ድርጅት 25 ሥር ያለው እሽግ አዝዤ ነበር። ሲመጣ ግማሹ ደርቋል፣ ግማሹ ሻግቷል። ስደውል ፎቶ ላኪ አሉኝ። ላክሁ። ከዚያ ዝም። እንደገና ስጽፍ «ጊዜው አልፏል» አሉኝ። ገንዘቤን በሉት!

ሚኪ፦ እኔንም እንደዚሁ አድርገውኛል፣ የእኔ ግን የጽጌረዳ ነበር። በካርድ ከከፈልሽ ባንኩ ጋ ደውለሽ ተከራከሪ።

ብሩክሊን ፓርክ፦ ደውዬ ነበር። የባንኩ ታሪክ ራሱን የቻለ ነው፣ እሱን ልንገርህ...

ታዛቢ፦ በጣም ጥሩ። ሴትየዋ እንጆሪ ጠየቀች፣ እኛ የባንክ ክስ ከፈትን። ቀጥሉ፣ ፎል ሲደርስ አንድ ሰው ስለ ተክል ያወራ ይሆናል።

የገበያ ደንበኛ፦ ሁላችሁም በከንቱ ነው የምትለፉት። ሴንት ፖል የገበሬዎች ገበያ ቅዳሜ ጠዋት ሂጂ። እዚያ አንዲት የሞንግ ሴትዮ (ከደቡብ ምሥራቅ እስያ የመጡ) አሉ፣ ችግኛቸው እንደ እሳቸው ጠንካራ ነው። ከሌላ ሰው ገዝቼ አላውቅም።

ጓሮ ወዳድ፦ ዓይነቱ ምን ይባላል?

የገበያ ደንበኛ፦ ስሙን አላውቅም። ሴትየዋ ግን አይዋሹም።

ጓሮ ወዳድ፦ ውሸታም አላልኳቸውም። ስሙ ካልታወቀ ግን ጁን ላይ የሚያፈራ ይሁን አይሁን በምን ታውቃለች?

የገበያ ደንበኛ፦ ቀምሰህ ብታውቀው ይህን አትጠይቅም ነበር።

ቅድስት፦ ይቅርታ፣ ከርዕስ ልወጣ ነው፤ የጌሾ ችግኝ ያለው ሰው አለ? ለፋሲካ ጠላ የደረቀ እየገዛሁ ሰለቸኝ።

ሚኪ፦ ጌሾ እኮ ውጭ ከተውሽው በመጀመሪያው ዊንተር ይሞታል። በትልቅ ማሰሮ ተክለሽ ብርዱ ሳይገባ ቤት አስገቢው። ለዘሩ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ።

ጋሼ ተካ፦ ልጄ፣ የጻፍሽውን የመጨረሻ መስመር ማንም ያነበበልሽ አልመሰለኝም። ቃሪያና ቲማቲም የነበረበት መደብ ላይ እንጆሪ አትትከዪ። ቃሪያ፣ ቲማቲም፣ ድንችና እንጆሪ ቨርቲሲሊየም የሚባል የሚያጠወልግ ፈንገስ ይጋራሉ። አፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። ከየትም ብትገዢ፣ ስንትም ብትከፍዪ፣ ተክሉ ሰመር ላይ ሊጠወልግብሽ ይችላል። ቢያንስ ሦስት ዓመት ካላለፈ ሌላ ቦታ ፈልጊ። እኛ ሐበሾች ደግሞ ጓሯችን ሁሉ ቃሪያ ነው፤ ስለዚህ ይህን ሁሉም ይወቀው። አፈሩን ለማስመርመር የዩኒቨርሲቲው ላብራቶሪ እዚያው ሴንት ፖል ነው።

የሁለት ልጆች እናት፦ ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ይህን ፈጽሞ አላውቅም ነበር። በአጥሩ በኩል ሣር ብቻ የነበረበት ቦታ አለ። እሱ ይሆናል?

ጋሼ ተካ፦ ሣር የነበረበት አፈር የሥር በላ ትል ስለሚኖረው ቢቻል አንድ ዓመት ባቄላ ወይም ሌላ አትክልት (ቃሪያ፣ ቲማቲምና ድንች ግን አይሁን) ይቅደመው። ካልሆነ ከፍ ያለ የእንጨት መደብ ሠርተሽ አዲስ አፈር ሙዪበት። ስትተክዪ ቅጠሉ የሚነሣበት እምብርት ከአፈሩ ጋር እኩል ይሁን። ከቀበርሽው ይበሰብሳል፣ ሥሩ ከወጣ ይደርቃል።

ታዛቢ፦ ጋሼ፣ እውነቱን ለመናገር ብሩክሊን ፓርክም ቀብራው ይሆናል።

ብሩክሊን ፓርክ፦ ሻግቶ ነው የመጣው አልኩህ! ፎቶው አሁንም ስልኬ ላይ አለ።

ጋሼ ተካ፦ እውነቷን ነው፣ የሻገተ ሥር በምንም ጥበብ አይድንም። በፖስታ የመጣ እሽግ ዕለቱኑ ይከፈት። ሥሩ ጠንከር ያለና ርጥብ ካልሆነ እዚያው ፎቶ አንሥቶ መመለስ ነው።

ሄለን ነርሷ፦ አንድ ነገር ልጨምር። የጁኑን ዓይነት በመጀመሪያው ዓመት አበባውን መቀንጠስ አለብሽ። ያሳዝናል፣ ግን ጉልበቱን ወደ ሥሩ ያዞራል። ለልጆቹ ደግሞ አልቢዮን በማሰሮ ያዢላቸው። የእሱን አበባ ለመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት ያህል ቀንጥሰሽ ከዚያ ልቀቂው፤ በዚያው ሰመር ይበላሉ። እንደ ጌሾው ግን ማሰሮ ውጭ አይከርምም።

ሚኪ፦ ስኖው ሲመጣስ ምን እናድርግ? የእኔ ሁልጊዜ ማርች ላይ ሞቶ ነው የማገኘው።

ጋሼ ተካ፦ ኖቬምበር ላይ አፈሩ ወደ 40 ፋራናይት ሲወርድ ከ4 እስከ 6 ኢንች ጭድ አልብሰው። ድርቆሽ አይደለም፤ ድርቆሽ የአረም ዘር ይዞብህ ይመጣል። ስፕሪንግ ላይ ቅጠል ሲያቆጠቁጥ ጭዱን ወደ መተላለፊያው ግፋው እንጂ አትጣለው። ሜይ ላይ ድንገት ውርጭ ቢመጣ አበባውን መልሰህ ትሸፍንበታለህ።

የገበያ ደንበኛ፦ ሴትየዋ ጭድም ይሸጣሉ።

ቅድስት፦ ጭድ መግዛት ለምን? ሃሎዊን ሲያልፍ ሰው ደጁን ያስጌጠበትን እስር ጭድ ይጥለዋል። እኔ ጎረቤቶቼን እየጠየቅሁ ነው የምወስደው። ብሉሚንግተን አካባቢ ያላችሁ አስታውሱኝ፣ ዘንድሮም ይተርፈኛል።