ቪአር (በመነጽር የሚታይ ምናባዊ ዓለም) ውስጥ እውነተኛ ዕቃ ይዞ መጫወት ይቻላል?

ሰላም ወገን፣ ለቪአር ትንሽ የሰይፍ ጌም እየሰራሁ ነው፣ ችግሩ በእጅ የሚያዘው ኮንትሮለር በጣም ቀላል ስለሆነ ሰይፍ የያዝኩ አይመስለኝም። እውነተኛ ዱላ ብይዝስ? ጌሙ ዱላው የት እንዳለ እንዴት ነው የሚያውቀው?

መልስ፦ አሪፍ ሀሳብ ነው! ዱላው ላይ ትራከር (ያለበትን ቦታ ለጌሙ የሚነግር ትንሽ መሣሪያ) እሰርበት፣ ቫይቭ ትራከር ለዚሁ ነው የተሰራው። እጅህ በማይሸፍነው ቦታ አድርገው፣ የቤዝ ስቴሽኑ (ክፍሉ ውስጥ የሚተከለው ብርሃን የሚረጭ ሳጥን) ብርሃን ካልደረሰው ጌሙ ውስጥ ያለው ሰይፍ ይዘላል። ከጠቅላላ ክብደቱ ይልቅ ደሞ ክብደቱ የት ጋ እንዳለ ነው ስሜቱን የሚወስነው፣ ወደ ጫፉ ትንሽ ብትጨምርበት ስትወዛውዘው እጅህ ረጅም ነገር እንደያዘ ይሰማዋል።

መልስ፦ ዕቃው ጌሙ ውስጥ ያለውን ነገር ቁርጥ መምሰል የለበትም። የኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ገደል ያለበት ክፍል በቪአር ሰርተው እግር ስር ውፍረቱ 4 ሳንቲሜትር የማይሞላ እንጨት ብቻ አስቀመጡ፣ እግር ጠርዙን ሲነካ የሰው ልብ ምት እንጨቱ ከሌለበት የበለጠ ጨመረ። 2001 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው፣ እኔ በጣም ነው የምወደው።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ! ሰይፍ ከሰይፍ ሲጋጭስ?

መልስ፦ እሱ ከባድ ነው፣ ዱላህን አየር ላይ የሚያቆመው ነገር የለም። መጋጨቱን ቀንሰህ በሰውነት መሸሽ ጨምርበት፣ ጎንበስ ማለት፣ ዞር ማለት፣ ሄድሴቱ (ጭንቅላትህ ላይ ያለው መነጽር) ያንን በደንብ ያነበዋል። ዱላውን ግን በስፖንጅ ጠቅልለው፣ በዙሪያህ ማን እንዳለ አታይም እኮ