120 ልጆች፣ 8 ሰዎች፣ 3 ሰዓት፦ በልጆች የአትክልት ስፍራ የቤተሰብ ቀን እንዴት ይደራጅ?

ቡቃያ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ለሕዝብ ክፍት በሆነ የልጆች የአትክልት ስፍራ የቤተሰብ ቀን ልናዘጋጅ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ከ3 እስከ 6 ሰዓት። የተመዘገቡት ልጆች 120 ናቸው፣ ዕድሜያቸው ከ3 እስከ 10፣ ሁሉም ከወላጅ ጋር ነው የሚመጡት። እኛ 8 ነን። መደቦች፣ አንድ ትንሽ ኩሬ፣ የኮምፖስት ክምርና ጥላ ያላቸው ዛፎች አሉ። ያሰብነው ዘር መዝራት፣ የመሬት ትል ማየት፣ ኩሬው ውስጥ ያለውን መመልከትና ቅጠል መሰብሰብ ነው። የሚያሳስበን አንደኛ ሰልፉ፣ ሁለተኛ ልጆቹ ልብሳቸውን አቆሽሸው ከመሄድ በቀር ምንም ሳያዩ መቅረታቸው፣ ሦስተኛ ወላጆች ዳር ቆመው ስልክ መነካካታቸው። ሥራውን የምታውቁ በቁጥር ብትነግሩን ደስ ይለናል። "በደንብ ተዘጋጁ" የሚለውን ምክር እስኪበቃን ሰምተናል።

የመደብ ሰው

ከሰልፉ ልጀምር፤ ሌላው ሁሉ እሱን ተከትሎ ነው የሚበላሸው። 120 ልጅ በ3 ሰዓት በአንድ በር ከገባ ምንም ብታደርጉ ሰልፍ አይቀርም። ለሁለት ክፈሉት፤ 60ው ከ3፡00 እስከ 4፡20፣ 60ው ከ4፡40 እስከ 6፡00። መሃል ያለችው 20 ደቂቃ የእናንተ ናት፤ አፈር የሚሞላው፣ ትል የሚቀየረው፣ ጀሪካን የሚቀዳው ያኔ ነው። ጣቢያው 5 ይሁን፣ በእያንዳንዱ 12 ልጅ፣ 15 ደቂቃ። 5 ጊዜ 15 ደቂቃ 75 ነው፤ የተረፈችው 5 ደቂቃ ለሰላምታና ለቡድን ማከፋፈያ ትበቃለች። ሲያበቃ ደወል ደውሉና ቡድኖቹ ይዙሩ።

ከ8ታችሁ 5ቱ ጣቢያ ይይዛሉ፣ አንድ ሰው በር ላይ፣ አንድ ሰው እጅ መታጠቢያው ጋ፣ አንድ ሰው ነፃ። ለነፃው ሰው ሥራ እንዳትሰጡት። ከወላጁ የተለየ ልጅ፣ ንብ የነደፈችው፣ ውሃ ያለቀበት ጣቢያ ሁሉ የእሱ ነው።

ሁሉም የሚረሳው እጅ መታጠቢያውን ነው። አንድ ልጅ እጁን በሳሙና 20 ሰከንድ አሽቶ ለቅለቅ አድርጎ እስኪጨርስ 40 ሰከንድ ያህል ይሄዳል። 12 ልጅ በአንድ ቧንቧ 8 ደቂቃ ማለት ነው፤ ከ15ቷ ደቂቃ ግማሿ በመታጠብ አለቀች። ስለዚህ ቢያንስ 3 መቅጃ ይኑር። የቧንቧ ውሃ ከሌለ መክፈቻ የተገጠመለት ባለ20 ሊትር ጀሪካን ይሠራል። ለአንድ መታጠብ ግማሽ ሊትር፣ እያንዳንዱ ልጅ ሁለቴ ቢታጠብ፣ ለ120 ልጅ 120 ሊትር፣ ማለትም 6 ጀሪካን። ውሃው የሚፈስበት ቦታ ላይ ጠጠር አፍስሱበት፤ አለዚያ የመጀመሪያው ቡድን ሳይወጣ ጭቃ ሆኖ ልጆች ይንሸራተቱበታል።

ዘርና አፈር

የዘሩን ጠረጴዛ እኔ ልያዘው። መጀመሪያ የዘር ምርጫ። ካሮት አትምረጡ፤ ለመብቀል 2 ሳምንትም 3 ሳምንትም ይፈጅበታል፣ እስከዚያ ኩባያው ተጥሏል። ከ5 ዓመት በላይ ላሉት አደንጓሬ፣ ለትንንሾቹ ራዲሽ። አደንጓሬ በሞቀ አፈር ከ5 እስከ 10 ቀን ውስጥ ይወጣል፤ ሲወጣም አንገቱን እንደ መንጠቆ አጎንብሶ፣ አፈሩን በጀርባው ሰንጥቆ ስለሆነ ልጅ ዓይኑን አይነቅልበትም። ራዲሽ በ3 ወይም በ4 ቀን ይታያል።

ሁለት ማስጠንቀቂያ። ለእርሻ የሚሸጥ ዘር ሮዝ ወይም አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ከሆነ በኬሚካል የታሸ ነው፤ ልጅ እጅ ላይ አይድረስ። ቀይ አደንጓሬ ደግሞ ጥሬውን ከተበላ 4 ወይም 5 ፍሬ እንኳ ያስመልሳል፤ ለሕፃን በጉሮሮ የመሰንቀርም አደጋ አለው። ፍሬዎቹ ጠረጴዛ ላይ ክፍት ሳህን ውስጥ አይቀመጡ፤ ጣቢያውን የያዘው ሰው በእጁ እየቆጠረ ለእያንዳንዱ 2 ፍሬ ይስጥ።

አደንጓሬው በዋዜማው ማታ 3 ሰዓት ላይ ይዘፍዘፍ። ጠዋት 3 ሰዓት 12 ሰዓቱን ሞላ፤ አጥልሉትና በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሉት፣ ለሁለተኛው ዙርም ይቆያል። ሙሉ ቀን ውሃ ውስጥ ከተተወ አየር ያጣና ይሸታል፣ አፈር ውስጥ ሲገባ ይበሰብሳል እንጂ አይበቅልም።

አፈር፦ 2 እጅ የበሰለና የተነፋ ኮምፖስት፣ 1 እጅ ተራ አፈር፣ 1 እጅ አሸዋ። ባለ200 ሚሊ ሊትር ኩባያ ለ120 ልጅ 24 ሊትር ይይዛል፤ የሚደፋውንና የሚጠቀጠቀውን ጨምራችሁ 30 ሊትር አዘጋጁ። አፈሩን ቀድማችሁ አርጥቡት። ጨብጣችሁ ስትከፍቱት ቅርጹን ይዞ ከቀረ፣ በጣት ሲነካ ከፈረሰ ልክ ነው፤ ውሃ ከተንጠባጠበ በዝቷል። ደረቅ አፈር ላይ ልጁ ውሃ ሲያፈስ ውሃው በኩባያው ጠርዝ ሾልኮ ይወርዳል፣ መሃሉ ደርቆ ይቀራል።

ኩባያውን በጋለ ሚስማር ከሥሩ 4 ቦታ ብሱት፤ ይህ የአዋቂ ሥራ ነው፣ ከቀኑ በፊት ያልቃል። ስም የሚጻፈው አፈር ከመግባቱ በፊት ነው፤ እርጥብ ኩባያ ላይ ማርከር አይይዝም። እንጨት ላይ ከሆነ የምትጽፉት በእርሳስ ይሁን፣ ፀሐይ አያደበዝዘውም። ጥልቀቱ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር፣ የልጁ ጣት የመጀመሪያ አንጓ ድረስ። ከዚያ አፈሩን እንዳይጠቀጥቁት ጠብቁ። ልጅ ሲተክል በቡጢ መደቆስ ይወዳል፣ ብዙ ዘር ሳይወጣ የሚቀረው በዚህ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ለእኔ ከኩባያው ይበልጣል። 4 የብርጭቆ ማሰሮ ውሰዱ። በውስጥ በኩል እርጥብ ሶፍት ደርድራችሁ አደንጓሬውን በሶፍቱና በብርጭቆው መካከል አጣብቁት። አንዱን ከቀኑ 9 ቀን በፊት፣ ሁለተኛውን 6፣ ሦስተኛውን 3፣ አራተኛውን የዚያኑ ዕለት። በተርታ ሲቀመጡ ልጁ የ9 ቀን ሥራ በአንድ እይታ ያያል፤ ሥር መጀመሪያ፣ ግንድ ቀጥሎ፣ ቅጠል በመጨረሻ። የ6 ቀኑን ማሰሮ በዋዜማው በጎኑ አጋድሙት። ጠዋት ላይ የሥሩ ጫፍ ወደ መሬት ታጥፎ ታገኙታላችሁ፤ "ወደ ታች የትኛው እንደሆነ ማን ነገረው?" ብሎ መጠየቅ ይበቃል።

ጢንዚዛ

ደወሉን አልደግፍም። ልጅ ጉንዳን ከራሷ የሚበልጥ ነገር ስትጎትት እያየ ደወል ሲደወልበት የመጣበት ነገር ተቋረጠ ማለት ነው። ሁለት የመግቢያ ሰዓት ካለ፣ ገደብ የሚያስፈልገው ለዘሩ፣ ለትሉና ለኩሬው ብቻ ነው። ለእነዚህ በየ15 ደቂቃው 12 ባለቀለም ካርድ ይውጣ፤ የቀረው ቦታ ነፃ ይሁን።

ስለ ትሉ። ለ12 ልጅ 4 ነጭ ዝርግ ሳህን፣ በየሳህኑ እርጥብ ወረቀትና 2 ትል። ሌላ 8 ትል ክዳን ባለው ባልዲ፣ እርጥብ አፈር ውስጥ ይረፍ፤ በየዙሩ ይለዋወጡ። ትል የምትተነፍሰው በቆዳዋ ነው፣ ቆዳዋ ከደረቀ አየር የለም። ስለዚህ ጥላ ሥር፣ ውሃ መርጫ አጠገብ። ትል ከመንካት በፊት እጅ በውሃ ብቻ ይታጠብ፤ የሳሙና ቅሪትና የአልኮል ሳኒታይዘር ይጎዳታል። ከነኩ በኋላ ግን በሳሙና። የመደብ ሰው "ሁለቴ" ያለው ሒሳብ የሚሞላው እዚህ ነው።

ትሏን ለግማሽ ደቂቃ ደረቅ ወረቀት ላይ አድርጋችሁ ጆሮ ስታስጠጉ ኮሽ ኮሽ የሚል ድምፅ ይሰማል። ሆዷ ሥር ያሉት ጥቃቅን ጠንካራ ፀጉሮች ናቸው ወረቀቱን የሚቧጭሩት፤ አፈር ቆንጥጣ የምትሄደውም በእነሱ ነው። ዙሪያው ጸጥ ካላለ ግን አይሰማም፣ ጣቢያውን ከኩሬው አርቁት። ሌላው፣ የሳህኑን ግማሽ በጥቁር ወረቀት ሸፍናችሁ 5 ደቂቃ ጠብቁ። ዓይን የላትም፣ ግን ብርሃን ይሰማታል፤ ብዙውን ጊዜ ወደ ጨለማው ትገባለች። ከአዋቂዎቹ አንዱ "ለሁለት ብትቆረጥ ሁለት ትሆናለች" ማለቱ አይቀርም። አትሆንም፤ የጭራው ክፍል ይሞታል።

የእግር ቆጠራም ይጨመር፤ ነፍሳት 6፣ ሸረሪት 8፣ እርጥብ እንጨት ሥር የምትገኘዋ ግራጫ፣ አንዳንዷ ሲነኳት እንደ ኳስ የምትጠቀለለዋ 14። ይቺ ከነፍሳት ወገን አይደለችም፤ ዘመዷ ሸርጣን ነው፣ ለዚህም ነው ከእርጥብ ቦታ የማትርቀው። የተነሣ ድንጋይና እንጨት እንደነበረ ይመለስ፣ ከሥሩ የነበሩት ቤታቸው ነው።

የመደብ ሰው

ካርድ ካለ ደወሉን እተወዋለሁ። ካርዱን ግን በሩ ላይ ሰዓቱን ጽፋችሁ ስጡ። ጣቢያው ላይ ከታደለ የዘር ሰልፍ የካርድ ሰልፍ ሆነ እንጂ ምንም አልቀነሰም።

ቡቃያ (ጠያቂ)

እግዜር ይስጥልን፣ ወረቀት ላይ እያሰፈርነው ነው። ኩሬውና የ3 ዓመት ልጆቹ ቀሩን። ወላጆቹስ?

ውሃ ዳር

ኩሬ ላይ ለ12 ልጅ አንድ አስተናጋጅ አይበቃም። ሕጉ አንድ ልጅ አንድ ወላጅ ይሁን፣ ወላጁም ልጁን እጁ ሊደርስበት በሚችል ርቀት። ልጆች ቆመው ሳይሆን ተንበርክከው በመረብ ይጥለፉ። ከ5 ዓመት በታች ያሉት ኩሬው ጋ አይሂዱ፤ ከኩሬው በባልዲ ቀድታችሁ ነጭ ገበታ ላይ አቅርቡላቸው፣ ውሃው 3 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ይበቃል። ገበታም ሆኖ ብቻቸውን አይተዉ፤ ሕፃን በ5 ሳንቲ ሜትር ውሃ ሊሰጥም ይችላል። ቢልሃርዝያ ባለበት አካባቢ ከሆናችሁ የኩሬ ውሃ በእጅ አይነካ፤ ጠልፎ የሚያቀርበው ቦት ጫማና ጓንት ያደረገ አዋቂ ይሁን።

አሠራሩ፦ ገበታው ውስጥ አስቀድሞ የኩሬ ውሃ ይግባ። መረቡ በውሃ ውስጥ በ8 ቁጥር ቅርጽ 3 ጊዜ ይዙር፣ ከዚያ ተገልብጦ ገበታው ውስጥ ይታጠብ። የኩሬው ወለል ከተነካ ገበታው ጭቃ ብቻ ይሆናል። 1 ደቂቃ ጠብቁ፤ ዝቃጩ ሲወርድ የሚንቀሳቀሰው ይታያል። ሲያልቅ ሁሉም ወደ ኩሬው ይመለስ። ገበታውና ባልዲው የዚያኑ ቀን ይደፋ፤ በሞቃት አየር የወባ ትንኝ ከእንቁላል ተነሥታ ክንፍ እስክታወጣ ከ7 እስከ 10 ቀን ይበቃታል።

ለ3 እና ለ4 ዓመት ልጆች 15 ደቂቃ ረጅም ነው። የራሳቸው ጥግ ይኑራቸው፤ አሸዋ፣ አፈር፣ ሁለት የውሃ ማጠጫ፣ ጥቂት ማንኪያ። ማፍሰስና መሙላት ለእነሱ ትምህርት ነው፣ ማብራሪያ አትጨምሩበት።

ወላጅ ሥራ ካልተሰጠው ዳር ይቆማል። በሩ ላይ አጉሊ መነጽሩን ለልጁ፣ የሚፈለገው የተጻፈበት ሌላ ካርድና እርሳስ ለወላጁ ስጡ፤ ወላጁ ልጁ ያለውን ይጽፋል። ካርዱ ላይ "ወፍ ፈልግ" አትበሉ፣ 60 ልጅ ባለበት ወፍ አይቆምም። የተበላ ቅጠል አስፈልጉ፤ ከጠርዙ ጀምሮ ንጹሕ ግማሽ ክብ ሆኖ የተቆረጠ ካለ የቅጠል ቆራጭ ንብ ሥራ ነው፣ ቅጠሉ ውስጥ የተጠማዘዘ ነጭ መስመር ካለ በሁለቱ ገጽ መካከል የሄደ እጭ ነው፣ ጠርዙ ተሸርፎ ከሥሩ ጥቁር ፍርፋሪ ካለ አባጨጓሬው ሩቅ አይሆንም። የሚሰበሰበው ግን የወደቀ ቅጠል ብቻ ይሁን። 120 ልጅ አንዳንድ ቅጠል ቢቀጥፍ መደቡ ራቁቱን ይቀራል።

ዘርና አፈር

በዋዜማው ስፍራውን ዞራችሁ እዩ። ጉሎ፣ አስተናግር፣ ኦሊያንደር (ሮዝ ወይም ነጭ አበባ ያለው የጌጥ ቁጥቋጦ) እና የወፍ ቆሎ ካሉ መርዛማ ስለሆኑ ይከለሉ፤ የጉሎ ፍሬ የሚያምር ጉራማይሌ ስለሆነ ልጅ ኪስ ውስጥ ነው የሚገኘው። ሲቆረጥ ወተት የሚያወጣ ተክልም ዓይን ያቃጥላል፣ ቁልቋል ዋናው ነው።

ቡቃያ (ጠያቂ)

የመጨረሻ ጥያቄ። ኩባያው ቤት ሲሄድ ምን ተጽፎበት ይሂድ?

ዘርና አፈር

4 መስመር። "አፈሩን በጣትህ ንካ፤ ላዩ ከደረቀ 2 የሾርባ ማንኪያ ውሃ፣ እርጥብ ከሆነ ምንም።" "መስኮት አጠገብ፣ ሙቀት ባለበት።" "በ10 ቀን ካልወጣ አንዱን ቆፍረህ እይ፤ ከለሰለሰ ውሃ በዝቷል፣ ከጠነከረ አንሷል።" "ሁለተኛው ዙር ቅጠል ሲወጣ ከነአፈሩ ወደ ትልቅ ዕቃ አዛውር።" ሦስተኛዋን መስመር እንዳትተዉ። ያልበቀለለት ልጅ ብዙ ነው፣ መቆፈሩን ደግሞ ከመብቀሉ እኩል ይወደዋል። ጽሑፉን ውሃ እንዳያጠፋው በኩባያው ላይ ሳይሆን በወላጁ ካርድ ጀርባ አትሙት።